ሦስት ፊደል፣ 645 ትርጉም

ፒተር ጊሊቨር የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ሦስተኛ እትም ሲሰናዳ ዘጠኝ ወር ያህል ጊዜውን የወሰደበት አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ሊቃውንት ብቻ የሚያውቁት የሳይንስ ስያሜ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ግስ ነው፦ ራን። በላቲን ፊደል ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ደብተሩ ላይ “ራን ማለት ሮጠ” ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋል። ጊሊቨር ሥራውን በ2011 ሲያጠናቅቅ ግን ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጥሮለት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች “ዓ.ም.” ከተባለላቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? መልሱ ያለው በመዝገበ ቃላቱ አሠራር ነው። በ1857 የለንደን የሥነ ልሳን ማኅበር አባላት እስከዚያ ድረስ የነበሩት መዝገበ ቃላት የጎደላቸው ብዙ ነው ብለው ተነሡ። ሐሳባቸው እያንዳንዱ ቃል መቼ እንደታየ፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ ትርጉሙም በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ በማስረጃ እንዲጻፍ ነበር። በ1879 ሥራውን የተረከበው ስኮትላንዳዊው ጄምስ መሪ ነው። በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች መጽሐፍ እያነበቡ፣ ቃሉ ያለበትን ዐረፍተ ነገር በትንሽ ወረቀት ላይ እየገለበጡ፣ ዓመቱንና ደራሲውን ጽፈው በፖስታ ይልኩለት ጀመር። መሪ ግቢው ውስጥ ባሠራት ክፍል ወረቀቶቹ በየፊደላቸው ተደረደሩ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ በመለየቱ ሥራ ይረዱት ነበር። በዐሥር ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ያለቀው በ1928 ነው። መሪ ከ13 ዓመት በፊት፣ በ1915 ሞቶ ነበር።

ትርጉም የሚቆጠረው እንግዲህ ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። አዘጋጁ አንድ ቃል ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ አንድ ዓይነት የሚመስሉትን ይሰበስባል፣ የማይመስለውን ለብቻው ያኖራል። እያንዳንዱ ክምር አንድ ትርጉም ነው። ዛሬ ወረቀቱ በኮምፒዩተር ቢተካም የሥራው ጠባይ አልተለወጠም፤ በሁለት ክምር መካከል ድንበር የሚያበጀው አሁንም የሰው ፍርድ ነው። ስለዚህ 645 የሚለውን ቁጥር እንደ ሕዝብ ቆጠራ ማየት አይገባም። ሌላ አዘጋጅ ቢቀመጥበት 600 ወይም 700 ሊያገኝ ይችል ነበር።

ራን ቀዳሚነቱን የያዘው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ዘመን ባለ ብዙ ትርጉም ተብሎ ሲጠራ የኖረው፣ ድምፁ ከአማርኛው “ሴት” ጋር የሚመሳሰለውና በመሠረቱ “አስቀመጠ” ማለት የሆነው ግስ ነበር። በ1989 በወጣው ባለ 20 ቅጽ ሁለተኛ እትም ያ ግስ ብቻውን 430 ትርጉም ነበረው፤ እሱን ለማብራራትም 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። በ2000 የሦስተኛው እትም ክለሳ ከኤም ፊደል ሲጀመር “ሜክ” በለጠው፤ በ2007 “ፑት” ሜክን በለጠ፤ በ2011 ራን ሁለቱንም አለፈ። አራቱም አጫጭርና የዕለት ተዕለት ግሶች መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ረጅሙ፣ የተማሩ ሰዎች ቃል በተወለደበት ሙያ ውስጥ ተወስኖ ይኖራል፤ አጭሩንና ቀላሉን ቃል ግን ገበሬውም፣ መርከበኛውም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴውም በየሥራው ያነሣዋል፣ በየሥራውም አንድ ነገር ይጨምርበታል።

የራን የጥንት ታሪክ ግን ከእግር ይልቅ ወደ ውሃ ያደላል።

የቃሉ ሥር በጥንታውያኑ የጀርመን ቋንቋዎች ቤተሰብ ውስጥ ለሰው ሩጫም ለውሃ መፍሰስም ያገለግል ነበር። ጀርመንኛ ዛሬም ሁለቱን ለያይቶ ይዟል፤ ውሃ ሲፈስ “ሪነን”፣ ሰው ሲሮጥ “ሬነን” ይላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ግስ አጣምሮ ቀረ። በዚህም ላይ ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን የራሳቸውን ተመሳሳይ ግስ ይዘው መጥተው አጠናከሩት። ውሃው እስካሁን አልደረቀም፦ የቧንቧ ውሃ “ራኒንግ ዋተር” ነው፣ ንፍጥ የሚወርደው አፍንጫ “ራኒ ኖዝ” ነው፣ ሲታጠብ ቀለሙን የሚለቅ ልብስ ቀለሙ “ራን” ያደርጋል። አይብ የሚሠራ ሰው ወተት ለማርጋት የሚጨምርበት “ሬኔት” የሚባለው ነገር ሳይቀር ከዚሁ ሥር እንደ ወጣ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ወተቱ ሲረጋ ተሰብስቦ እንደሚፈስ ይታሰብ ነበርና።

ይህን የውሃ ትርጉም በካርታ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቨርጂኒያ ይሂድ። በዚያ አካባቢ ራን ማለት ጅረት ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1861 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ የተደረገው ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ ምዕራብ “ቡል ራን” በተባለ ጅረት ዳር ነበር። የሰሜኑ ወገን ውጊያውን በጅረቱ ስም ሲጠራው፣ የደቡቡ ወገን በአቅራቢያው ባለችው በማናሰስ ከተማ ስም ይጠራዋል። ቡል ማለት ኮርማ ነው፤ እና ቡል ራን የሚለውን ሁለት ቃል ከመዝገበ ቃላት ነጥሎ ያወጣ ተርጓሚ በኮርማ ሩጫ ላይ ጦርነት ሊያካሂድ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በስፔኗ ፓምፕሎና በየዓመቱ በሐምሌ ኮርማዎች በጠባብ መንገድ ሲለቀቁና ሰው ከፊታቸው ሲሮጥ በእንግሊዝኛ ቡል ራን መባሉ፣ በአክሲዮን ገበያም ዋጋ ሳያቋርጥ ሲጨምር የሚቆይበት ጊዜ ቡል ራን መባሉ ነው። አንዱ ጅረት ነው፣ አንዱ እውነተኛ ሩጫ ነው፣ አንዱ ሳይቆም የቀጠለ ጊዜ ነው።

በዚያው በቨርጂኒያ፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው። “ፎር ማይል ራን” የሚል ሰሌዳ በሁለቱ ወሰን ላይ ይታያል፤ “ሆምስ ራን” በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ሰፈሮች ያልፋል። አዲስ መጤ ሰሌዳውን አይቶ የአራት ማይል የሩጫ ውድድር ቢመስለው አይፈረድበትም፤ በተለይ ከጅረቱ ጎን ሰው ሲሮጥና ብስክሌት ሲነዳ እያየ። ስሙ ግን ወደ ፖቶማክ የሚወርደው ውሃ ስም ነው።

ከውሃው ወደ ማሽኑ ያለው መንገድ አጭር ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው የሚፈሰው ውሃ ነበር፤ ውሃው ራን ካደረገ መንኮራኩሩም ራን ያደርጋል፣ መንኮራኩሩ ራን ካደረገ ወፍጮውም ራን ያደርጋል። የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በመስከረም 1830 በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል በእንፋሎት የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ባቡሩ በሁለቱ ከተሞች መካከል ራን ያደርጋል ሲባል በሰዓቱ ይመላለሳል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የመጣውን ለውጥ ለማየት አንድ የቆመ መኪና ይበቃል። መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን ተነሥቷል፤ በእንግሊዝኛ ሞተሩ ራን እያደረገ ነው። እግር የለም፣ ጉዞ የለም፣ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድ የለም። የቀረው መሥራቱና አለማቋረጡ ብቻ ነው።

አለማቋረጥ የቃሉ እምብርት ከሆነ ሌላው ይከተላል። የሁለት ዓመት ውል ለሁለት ዓመት ራን ያደርጋል፤ ይጸናል ማለት ነው። ቴአትር መድረክ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ራን ይባላል፤ የአጋታ ክሪስቲ “ማውስትራፕ” ኅዳር 25 ቀን 1952 ለንደን ውስጥ ጀምሮ ኮሮና በ2020 ቴአትር ቤቶችን እስኪያዘጋ ድረስ አልተቋረጠም፣ በ2021 ደግሞ ተመልሶ ተከፈተ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ማሽኑን ራን ያደርጋል፤ ማሽኑን ካንቀሳቀሰ ፋብሪካውን፣ ፋብሪካውን ካንቀሳቀሰ ድርጅቱን ይመራል፤ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ አገርም እንዲሁ ይመራሉ። ማተሚያው ሲዞር ጋዜጣው ዘገባ ራን ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ የሚታተመው ቅጂ ብዛትም የኅትመት ራን ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ አዲስ ግስ የፈለገ አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ለባልደረባው “እስቲ ራን አድርገው” ይለዋል፤ ኮዱን አስነሣውና ይሠራ እንደሆነ እንይ ማለቱ ነው። አማርኛው ከ645ቱ መርጦ የተዋሰው ያንኑ አንዱን ነው።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳይመን ዊንቸስተር የራንን ድል ሲያብራራ ዋናውን ምክንያት ያገኘው በዚሁ በማሽኑ ዘመን ነው። ፍርዱ ትክክል ይመስላል፣ ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ማሽኑ ሌላ ግስ ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ራንን የመረጠው ቃሉ ከማሽኑ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ያህል የማያቋርጠውን ውሃ ሲሸከም ስለኖረ ነው።

ባንክም ራን አለው። አስቀማጮች ገንዘባችን ሊጠፋ ነው ብለው በአንድ ጊዜ ሊያወጡ ሲረባረቡ “ባንክ ራን” ይባላል። በዚህ ትርጉም ቃሉ መጀመሪያ የነበረው እውነተኛ እግር ነው፦ ሰው ወደ ባንኩ በር ይሮጥ ነበር። በአሜሪካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባንኮች በዚህ ዓይነት ተራ በተራ ወደቁ፤ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 6 ቀን 1933 የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ለጊዜው ዘጋ። በዚያው ዓመት የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ሰጪ ድርጅት ተቋቋመ። በመስከረም 2007 በብሪታንያ የኖርዘርን ሮክ ባንክ ደንበኞች ከየቅርንጫፉ በር ጀምረው በረጅሙ ተሰለፉ። ሰልፍ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ስሙ ግን አሁንም ራን ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2023 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ የሆነው ሰልፍ እንኳ አላስፈለገውም። ደንበኞች በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። አብዛኛው ተቀማጭ ዋስትናው ከሚሸፍነው 250,000 ዶላር በላይ ስለነበር መደናገጡ ምክንያት አልጎደለውም። በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ። ሁሉም ነገር የሆነው ሰዎቹ ከወንበራቸው ሳይነሡ ነው።

በስፖርት ሜዳም እንዲህ ያለ ነገር አለ። ክሪኬት ሲጀመር ነጥብ የሚቆጠረው ሁለቱ ተጫዋቾች 20 ሜትር ያህል በሚራራቁት ሁለት ምሰሶዎች መካከል ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ ነበር፤ እያንዳንዱ መለዋወጥ አንድ ራን ነው። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ድንበር ካለፈች ግን ስድስት ራን ይመዘገባል፣ አንድ እርምጃ የሮጠ ሰው ሳይኖር። ስለዚህ የትሪኒዳዱ ብራያን ላራ በሚያዝያ 2004 አንቲጓ ላይ በእንግሊዝ ቡድን ላይ 400 ራን አስቆጠረ ሲባል 400 ጊዜ ሮጠ ማለት አይደለም። ቃሉ ከተግባሩ ተላቆ የነጥብ ስም ሆኗል።

ምርጫ ላይ የአትላንቲክ ሁለት ዳርቻ ይለያያል። አሜሪካዊው ዕጩ ለምርጫ ራን ያደርጋል፣ ብሪታንያዊው በልማድ ለምርጫ ይቆማል። ያው አንድ ድርጊት በአንዱ አገር ሩጫ በሌላው መቆም ሲሆን፣ አማርኛው “ይወዳደራል” ብሎ ሁለቱንም ይገላግላል። የአሜሪካኑ አነጋገር የፈረስ እሽቅድምድም ሽታ አለው። ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደረው ሰው ምክትሉ “ራኒንግ ሜት” ይባላል፤ ይህ አስቀድሞ ከአንድ ጋጣ የወጣና ዋናውን ፈረስ ለማገዝ አብሮት የሚሮጥ ፈረስ ስም ነበር። በውድድር ሁለተኛ የወጣው “ራነር አፕ” የሚባለውም በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ የውሻ እሽቅድምድም ላይ እስከ መጨረሻው ዙር ሳይሸነፍ ደርሶ በመጨረሻው ከተሸነፈው ውሻ ነው የመጣው።

ኢትዮጵያዊውን ተማሪ በእውነት የሚያስጨንቀው ግን ከራን ኋላ የሚመጡት ትናንሽ ቃላት ናቸው። “ራን ኢንቱ” ከግንብ ጋር ከሆነ ተጋጨ ነው፣ ከጓደኛ ጋር ከሆነ ሳይታሰብ ተገናኘ ነው። “ራን ኦቨር” መኪና ሰው ሲገጭ ይባላል፤ ስብሰባ ከሰዓቱ ሲያልፍም ይባላል፤ ጽሑፍን በዓይን መለስ ብሎ ማየትም ነው። “ራን ዳውን” የባትሪ ማለቅ ነው፣ ሰውን ማማት ነው፣ በመኪና መግጨት ነው፤ ተጣብቆ ሲጻፍ ደግሞ የተጎሳቆለ ሰፈር ወይም የአንድ ጉዳይ አጭር ማጠቃለያ ነው። “ራን አፕ” ሰንደቅ ዓላማ መስቀል፣ ዕዳ ማከማቸትና ልብስ ቶሎ ብሎ መስፋት ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በቃል መሸምደድ ማንንም አይጠቅምም።

አንዱን ብቻ ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል፦ “ራን አውት”። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወተት ሲጨርስ “ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ” ይላል። ባለቤቱ “እኛ” ነው፤ ግሱ የእኛ ነው፤ ወተቱ መጨረሻ ላይ በመስተዋድድ ተንጠልጥሏል። አማርኛው “ወተት አለቀብን” ይላል። እዚህ ባለቤቱ ወተቱ ነው፣ እኛ ደግሞ በግሱ ጫፍ ላይ ባለችው “ብን” ውስጥ ጉዳት እንደደረሰበት ሰው ገብተናል። ጊዜ አለቀብኝ፣ ነዳጅ አለቀበት፣ ትዕግሥቷ አለቀባት፤ ሁሉም እንዲሁ ነው። ተማሪው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩን አቋም መገልበጥ አለበት። ይህን ካልነገሩት “ከወተት ሮጠን ወጣን” የሚል ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም፣ “ራን ማለት ሮጠ” ብሎ ያስጻፈው ትምህርት ነው።

ስሕተቱ ከክፍል ሲወጣ ዋጋው ይጨምራል። አሜሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ሕመምተኛውን “ዘ ራንስ” አለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው ስለ ተቅማጥ እየጠየቀችው ነው፤ ውሃው እዚህም ተመልሶ መጥቷል። ትኩሳት ያለበት ሰው ትኩሳት ራን ያደርጋል፤ ሐኪሙ ምርመራ ራን ያደርጋል። አሽከርካሪ ቀይ መብራት ራን ካደረገ መብራቱን ጥሷል ማለት ነው እንጂ ከመብራቱ ሸሽቷል ማለት አይደለም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተከሳሽ ፊት የቆመ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ያጋጥመዋል። ዳኛው ለአንዱ ጥፋት አምስት ዓመት፣ ለሌላው ሦስት ዓመት ፈርዶ ቅጣቶቹ “ኮንከረንትሊ” ራን ያድርጉ ካለ ሁለቱ አብረው ይቆጠራሉ፣ ሰውየው የሚታሰረው አምስት ዓመት ነው። “ኮንሰኪዩቲቭሊ” ካለ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ ስምንት ዓመት ይሆናል። አስተርጓሚው ራንን “ይቆጠር” ብሎ እንዲይዘው የሚያስገድደው የሰው ሕይወት ነው።

ይኸው የመቆጠር ትርጉም በኢትዮጵያ ሕግ መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተሰናዳው በፈረንሳይኛ ሲሆን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከውል ለሚመነጭ መብት በመደበኛው ዐሥር ዓመት ይርጋ ይሰጣል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ያ ዘመን ከየትኛው ቀን ጀምሮ ራን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ አማርኛው የይርጋው ዘመን መቆጠሩን ያነሣል። የእንግሊዝኛው ጊዜ ይፈሳል። የአማርኛው ስያሜ ግን “ይርጋ” ነው፤ ሕጉ የሚፈልገው ክርክሩ ከዚያ በኋላ ረግቶ እንዲቀመጥ ነውና የአማርኛው ቃል የሕጉን ዓላማ የያዘ ስም ነው። እንዲህ ያለ ስያሜ በቀላሉ አይገኝም።

እንግሊዝኛው አንዳንዴ ከራሱ ጋር የተጣላ እስኪመስል ይሄዳል። መጋቢት 23 ቀን 2021 በስዊዝ ቦይ 400 ሜትር የምትረዝመው “ኤቨር ጊቨን” የተባለች መርከብ ዳርቻው ላይ ተሰክታ ለስድስት ቀን መተላለፊያውን ዘጋች። በእንግሊዝኛ መርከቧ “ራን አግራውንድ” አደረገች ተባለ፤ መንቀሳቀስ ያቃታት መርከብ በራን ተገለጸች። ቃሉ የሚናገረው እየሄደች ሳለ መሬቱ ውስጥ መግባቷን ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መቆም አይደለም። አውሮፕላን ተንደርድሮ የሚነሣበትን “ራንዌይ” አማርኛው “መንደርደሪያ” ብሎ መተርጎሙ በዚህ ረገድ በጣም የተሳካ ሥራ ነው። ከሩጫው ውስጥ ተፈላጊውን፣ ለመነሣት ኃይል የሚሰበሰብበትን ክፍል ብቻ ነቅሶ ወስዷል።

አማርኛ ግን እንግሊዝኛውን ተርጉሞ ብቻ አይቀመጥም፤ የራሱም ራን አለው። “ገባ” የሚለውን ግስ ማንሣት ይበቃል። ሰው ቤት ይገባል። ክረምት ይገባል፣ ሥራ ይገባል፣ ቃል ይገባል፣ ዕዳ ይገባል። የተነገረው ነገር ይገባዋል። ምስጋና ለሚገባው ይገባዋል። ኳስ መረብ ውስጥ ገብታ ግብ ይሆናል። “አገባ” ሲሆን አጥቂው ግብ ያገባል፣ ወጣቱ ሚስት ያገባል፤ “ምን አገባህ?” ሲባል ደግሞ ጠብ ነው። አማርኛን በአዋቂነቱ የተማረ የውጭ አገር ሰው ስለ ራን ለሚያማርር ኢትዮጵያዊ “ገባ”ን ቢጠቅስለት ክርክሩ እኩል ይወጣል። ሁለቱም ግሶች ያደጉት በአንድ መንገድ ነው። “ገባ” ከውጭ ወደ ውስጥ የመሄድ አሳብ አለው፤ ቃል ሲገባ ሰውየው በቃሉ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፣ ነገሩ ሲገባው ነገሩ ወደ ልቡ ይገባል።

ይህን አስቀድሞ የተረዳ አንድ የአማርኛ ሊቅ ነበር። ፖላንድ ተወልዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ያስተማረው ቮልፍ ሌስላው በ1973 ቪዝባደን ላይ ያሳተመው ትልቁ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃልን ከቃል ጋር አያጣምድም። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በየዐረፍተ ነገሩ አስገብቶ ዐረፍተ ነገሩን ነው የሚተረጉመው። ሐሳቡ የቃል ትርጉም የሚታወቀው አብሮት በቆመው ቃል ነው የሚል ነው። መጽሐፉን ዛሬም ለተርጓሚዎች ከአጠገባቸው የማይለዩት ያደረገው ይኸው ነው። በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት የሌስላውን መንገድ ቢከተል፣ ራንን በአንድ መስመር ከማስጻፍ ይልቅ አፍንጫውን፣ ወተቱን፣ ባቡሩንና ምርጫውን በየዐረፍተ ነገራቸው ቢያቀርብ፣ ተማሪው ዝርዝር ሳይሸመድድ የቃሉን አካሄድ ይጨብጥ ነበር።

አማርኛውን በሚመለከት ደግሞ የቆየ ቅርስ አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተው ሠሩት። እሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ ሲያልፉ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የደስታ የራሳቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ ሥራዎች የቃሉን ሥርና ዘር በመፈለግ ረገድ አቻ የላቸውም። ከዚያ ወዲህ የመጣው አነጋገር ግን ብዙ ነው፣ ገና ተሟልቶ አልተሰበሰበም። የሞባይል ስልክ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ “ካርድ ሞላ” ማለት ሒሳብ ጨመረ ሆነ። “ኦንላይን ገባ”፣ “ፌስቡክ ገባ” የሚሉትን የደስታ መዝገብ ሊያውቃቸው አይችልም። የሸማቹ “ስንት ገባ?” ከመቼ ጀምሮ እንደተነገረ፣ “ገባኝ” በየትኛው ጽሑፍ መጀመሪያ እንደታየ ለማወቅ ዓመቱንና ዐረፍተ ነገሩን የያዘ ወረቀት ያስፈልጋል። ማስረጃው በአሮጌ ጋዜጦች፣ በፍርድ ቤት መዝገቦች፣ በሬዲዮ ቅጂዎችና በደብዳቤዎች ውስጥ ተቀምጧል። መሪ የጀመረው በተራ አንባቢዎች ነበርና ያንን የማንበብና የመገልበጥ ሥራ የአማርኛ ተማሪዎችና መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ከ“ገባ”፣ ከ“ወጣ”፣ ከ“ያዘ” እና ከ“መታ” ሊጀምሩት ይችላሉ።